‹‹ግራኝ ናት›› ብለን ያለፍናት ልጅ፦ በእጅ ቴራፒ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጄ በ6 ወሯ ሁሉንም ነገር በግራ እጇ ነበር የምትይዘው። አሻንጉሊቱን፣ ማንኪያውን፣ የኔን ጸጉር። ቀኝ እጇ ተጨብጦ ከጎኗ ይቀመጣል። ቤቱ በሙሉ ‹‹ግራኝ ናት›› ብሎ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ አጎቷ ግራኝ ስለሆነ ‹‹በዘር ነው›› ተባለና ወሬው ተዘጋ። ነገሩ የገባን ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት። ያለባት ሴሬብራል ፓልሲ ነው፣ ገና በለጋነት አንጎል ላይ ከደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር። የሷ አንድ ጎን ብቻ የሚይዘው ዓይነት ነው፣ ሐኪሞቹ ሄሚፕሌጂያ የሚሉት፤ እኛ እናቶቹ ሲፒ ብለን እንገላገለዋለን።

ከልደታ ኮንዶሚኒየማችን ወደ ቴራፒ በታክሲ ስንመላለስ ዓመታት አለፉ። በሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ ከሌሎቹ እናቶች ጋር እናወራለን። ሁላችንም እዚያው ስህተት ውስጥ እየተመላለስን እንደምንገባ ያየሁት እዚያ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የተሳሳትኩትን፣ ቴራፒስቷን ጠይቄ የተረዳሁትንና ያነበብኩትን ነው የምጽፈው።

‹‹ግራኝ ናት፣ ተያት››

ሕፃን ልጅ በመጀመሪያው ዓመት እጅ አይመርጥም። አንዴ በቀኙ፣ አንዴ በግራው ይይዛል፤ ግራኝ ወይም ቀኝ መሆኑ የሚለየው ቆይቶ ነው። ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚሠራ፣ ሌላውን ጨብጦ የሚተው ልጅ ካያችሁ ‹‹ግራኝ ነው›› ብላችሁ አትለፉ፣ ለሐኪም አሳዩት። እኛ ቢያንስ ግራ ስለሆነ ገርሞን አውርተንበታል። ደካማው ግራ እጁ የሆነ ሕፃንማ ሁሉን በቀኙ ስለሚያደርግ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ እነሱ ከኛም ይዘገያሉ።

የልጄ ችግር የመጣው በመወለጃዋ ሰሞን ግራ አንጎሏን ከመታት ስትሮክ ነው። አዎ፣ ስትሮክ ጽንስንም አራስ ሕፃንንም ይመታል። እኔ የሽማግሌ በሽታ ነበር የሚመስለኝ። ግራ አንጎል ቀኝ ጎንን ስለሚያዝ ጉዳቱ ቀኝ እጇ ላይ ወጣ። አግዳሚው ወንበር ላይ ‹‹እርጉዝ ሆኜ ምን አድርጌ ነው›› እያለች ራሷን የምትበላ እናት አትጠፋም። ብዙ ጊዜ እሷ ያደረገችው ምንም ነገር የለም።

ቶሎ ማወቅ የሚጠቅመው የአንጎልና የእጅ ግንኙነት በነዚያ የመጀመሪያ ወራት ስለሚበጅ ነው። ስዊድኖች ለሕፃናት ያወጡት ዘዴ በቀን 30 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ደህናውን እጅ በካልሲ ወይም በጓንት ሸፈን አድርጎ ደካማው እጅ አሻንጉሊት እንዲይዝ ማጫወት፣ ያውም ቤት ውስጥ፣ በወላጅ። እኛ ያንን ጊዜ በሳቅ ጨረስነው።

‹‹ትታሽ››

ሲፒ ነው ከተባልን በኋላ መጀመሪያ የሮጥኩት ወጌሻ ጋ ነው። ቅቤ ይዤ። ሰውየው ደግ ነበሩ፣ ግን እጇን ሲጎትቱት ልጄ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያልወለቀ እጅ ነበር የሚመልሱት። ችግሩ ያለው አንጎል ላይ ነው፣ አጥንቱ ደህና ነው። የሲፒ ልጅ እጅ ግትር ያለው ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ስለተዛባ ስለሆነ በኃይል መጎተት ጉዳት ብቻ ነው የሚጨምረው።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሄድንበት ሕክምና ቤትም ከወጌሻው ብዙ አልተሻለም። ልጄ ፍራሽ ላይ ትጋደማለች፣ አንድ ባለሙያ እጇን ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ እኔ ስልኬን እነካካለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከፍለን እንወጣለን። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሄደ። ምንም ለውጥ የለም፣ እኔ ግን ‹‹ቴራፒ እያደረገች ነው›› እላለሁ። በኋላ ሳነብ፣ ጡንቻን በሌላ ሰው እጅ መሳብና መዘርጋት የመገጣጠሚያ መጨማደድን የረባ ያህል እንደማይከላከል ጥናቶችን አጣርቶ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምገማ ላይ ተጽፎ አገኘሁ። ማሸት ልጁን ዘና ያደርገው ይሆናል፣ አልከለክልም። እጅ ግን የሚማረው ልጁ ራሱ አንድ ነገር ፈልጎ ሲያንቀሳቅሰው ነው። ወያላ ዓመቱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ይውላል፣ መሪ ካልጨበጠ ግን ሹፌር አይሆንም። የልጄ እጅ ዓመት ሙሉ ወያላ ነበር።

‹‹በሳምንት አንዴ እንወስዳታለን››

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በዚህ ዓይነት ሲፒ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ አጠቃላይ የእጅ ችሎታ እንዲሻሻል ከ40 ሰዓት በላይ ልምምድ ያስፈልጋል። ለአንድ ለተለየ ግብ፣ ለምሳሌ ቁልፍ ለመቆለፍ፣ ከ14 እስከ 25 ሰዓት ሊበቃ ይችላል። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ከሆነ 40 ሰዓት ለመሙላት 80 ሳምንት ይፈጃል። ዓመት ተኩል አለፈ ማለት ነው፣ ያውም ታክሲ ሳይጠፋ፣ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ጉንፋን ሳይዝ። ቤት ውስጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከተሠራ ግን 80 ቀን ነው።

ስለዚህ ቴራፒስቷ ጋ የምንሄደው ልጅቷ ‹‹እንድትታከም›› ብቻ አይደለም፣ እኛ ቤት የምንሠራውን ተምረን ለመምጣት ነው። ስትሄዱ ‹‹በዚህ ሳምንት ቤት ምን እንሥራ? ሲቀላት እንዴት እናክብደው?›› ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።

ግቡን ደግሞ ልጁ ይምረጠው። እኔ የፈለግኩት ልጄ በቀኟ እንድትጽፍ ነበር። እሷን ስጠይቃት ምን አለች? ‹‹ምሳ ዕቃዬን ራሴ ልክፈት።›› ለካ በየቀኑ ጓደኛዋ ነበረች የምትከፍትላት፣ አንድ ቀን ጓደኛዋ ስትቀር ምሳዋን ሳትበላ መጥታለች። እኔ ዋናው ጉዳይ እስክሪብቶ መስሎኝ ቁጭ ብያለሁ።

ልምምዱ ውድ ዕቃ አይፈልግም። ሁለት እጅ ካልገባበት የማይሆን ሥራ ፈልጉ፣ ወጥ ቤቱ ሞልቷል። ሙዝ መላጥ፣ ዳቦ መቁረስ፣ የሃይላንድ ክዳን መክፈት፣ የራስን ካልሲ አጥቦ መጭመቅ። ምስር ሲለቀም ደካማው እጅ ሰፌዱን ይይዛል፣ ደህናው ይለቅማል። መጀመሪያ ደካማው እጅ ደገፍ ብቻ ያድርግ፣ ለምሳሌ ወረቀቱን ይጫን። ከዚያ ጨብጦ ይያዝ። ከዚያ ይዞ ያዙር። አንዱ ሳይቀል ወደ ሌላው አትዝለሉ፣ ስልችት ሲላትም ለሌላ ጊዜ ተዉት። ልጄን ከሁሉም በላይ የረዳት ግን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ከበሮ ነው፤ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሁለቱም እጆቿ ስትመታ ማንም ‹‹ቴራፒ ሥሪ›› አላላትም። ጭብጨባውም እንደዚያው።

‹‹ደህናውን እጅ እሰሪው››

ይህንን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፣ ስልኳ ላይ አይታ። ሐሳቡ እውነተኛ ነው። ኤድዋርድ ታውብ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ዝንጀሮዎች ላይ ያየው ነገር አለ፤ ከአንድ ክንድ ስሜት የሚያመጣው ነርቭ ሲቆረጥ ዝንጀሮው ያንን ክንድ መጠቀም ያቆማል፣ ደህናው ሲታሰርበት ግን መጠቀም ይጀምራል። ክንዱ መንቀሳቀስ ይችል ነበር፣ ዝንጀሮው አለመጠቀምን ነበር የተማረው። ከዚያ ተነስቶ ለሰው ሕክምና ሆነ።

እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? የልጄን ግራ እጅ በሻሽ ጠፍሬ አስሬ ‹‹ሂጂ ተጫወቺ›› አልኳት። ደረጃው ላይ ወደቀች። ሰው ሲወድቅ በእጁ ይደገፋል፣ እሷ መደገፊያ እጇ ታስሮ ነበር። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም በደም ሆና ሳነሳት የተሰማኝን አልነግራችሁም።

እጅ መሸፈን ብቻውን ሕክምና አይደለም። የተሸፈነበት ሰዓት በሥራ ካልተሞላ ልጁን መቅጣት ነው። የሚደረገውም በባለሙያ ዕቅድ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ ለስላሳ ጓንት ተደርጎ፣ ተቀምጠው በሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች በቀን 2 ሰዓት ያህል በጓንት የተሠራበት ዘዴ አለ። ደረጃ፣ ሩጫ፣ መንገድ ላይ በፍጹም። ደግሞ ይህ የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ኒውዮርክ ውስጥ 42 ልጆች ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ደህናው እጁ ተይዞ፣ ሌላው በሁለት እጁ እየሠራ፣ ሁለቱም 90 ሰዓት ተለማመዱ። የእጃቸው ለውጥ ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው። ቁምነገሩ ሰዓቱ ነው። ልጄ ጓንቱን ስታይ ስለምታለቅስ እኛ በሁለት እጅ የሚሠራውን መረጥን።

‹‹በቀኝሽ ብዪ!››

ይሄ የኛ የሐበሾች ነው። ልጄ ገበታ ላይ ግራ እጇን ስትሰድ አያቷ ቆጣ ይላሉ፦ ‹‹በግራ አይበላም፣ ነውር ነው!›› ልጄ ቀኟን ትዘረጋለች፣ ጣቶቿ አይከፈቱም፣ እንጀራው ይወድቃል፣ ታለቅሳለች፣ ትተዋለች። እንግዳ ሲመጣ ከነጭራሹ ‹‹አልራበኝም›› ማለት ጀመረች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ‹‹በቀኝሽ ያዢ፣ ቀኝሽን፣ ቀኝሽን›› እላለሁ፣ ስሟ ቀኝ እስኪመስል።

ቀኟ መሪ እጅ አይሆንም። ይህንን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። ትጽፋለች በግራዋ፣ ትበላለች በግራዋ። የቀኟ ሥራ ረዳት መሆን ነው፤ መያዝ፣ መደገፍ፣ መጫን። ረዳትነቱን በደንብ ከቻለው ልጅቷ ብዙ ነገር ትችላለች። ‹‹በቀኝሽ›› እያሉ መጨቅጨቅ ደግሞ ያንን እጅ የሚያስጠላት ነው። ሁለት እጅ የሚፈልግ ሥራ ስጧትና ዝም በሉ፣ ሥራው ራሱ ይጠራዋል።

ለእማማ አስረድቻቸዋለሁ። ብዙ ቀን ፈጀ። እሳቸው ግን ሌላም አመል አላቸው፦ ምንም ነገር ሲሰጧት ‹‹በሁለት እጅሽ ተቀበዪ›› ይላሉ። የቡና ቁርስ ሳህን፣ ብርቱካን፣ ውሃ። በሁለት እጅ መቀበል ሥርዓት ስለሆነ ልጄ እንደ ቴራፒ አትቆጥረውም፣ በቀን አሥር ጊዜ ታደርገዋለች። ቴራፒስቷ ይህንን ለሌሎቹ እናቶችም ስትነግር ሰምቻታለሁ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ጠዋት ሰርቪሱ ክላክስ ሲያደርግ ‹‹ነይ ላልብስሽ›› ማለት የሁላችንም ነው፤ ጠዋት አልብሷት፣ ማታ ግን ራሷ ታውልቅ፣ ማውለቅ ከመልበስ ይቀላል። ቦቶክስ የተወጋ እጅ በራሱ አይማርም፤ መርፌው ግትርነቱን ለ3 ወር ገደማ ያላላል፣ በዚያ ጊዜ ካልተሠራበት ብሩም መርፌውም ባከነ። ማታ የሚታሰረው ስፕሊንትም፣ እጁን ዘርግቶ የሚይዘው ድጋፍ፣ እጁን ሥራ አያስተምረውም። ግራዋ ሲጽፍ ቀኟ አብሮ ከተወራጨ ‹‹እጅሽን አርፊ›› አትበሏት፣ አስተማሪዋም እንዳትላት ንገሯት፤ አንጎሏ ነው ሁለቱንም አንዴ የሚያዘው። ከእጇ ዕቃ ሲወድቅ ግድየለሽ ናት አትበሉ። የብዙዎቹ ልጆች እጅ ስሜቱም ደካማ ነው። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ቀኝ መዳፏ ላይ ቁልፍ ይሁን ሳንቲም አትለይም፣ ስለዚህ የያዘችውን በዓይኗ እንድታየው እናለማምዳታለን።

ጸበል ወስጃታለሁ፣ አሁንም እወስዳታለሁ። ስህተቱ ጸበሉን ብሎ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ይህ ዓይነት ሲፒ ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው፣ መድኃኒቱ ድንገት ሲቆም ያመጣውን አግዳሚው ወንበር ላይ ሰምቼዋለሁ።

ምሳ ዕቃውን ከፍታዋለች፣ ባለፈው ዓመት። አሁን የያዝነው የሹራቧን ዚፕ ነው። ፍሪጅ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ላይ የሠራንበትን ሰዓት እጽፋለሁ፣ እስከ ትናንት 11 ሰዓት ተኩል ደርሷል። ቀኟ ታቹን ይይዛል፣ ግራዋ ይስባል፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይነክሳል።