ክረምት ሲገባ የምንሠራቸው የጤና ስህተቶች

ሐምሌ ገባ። ፒያሳ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሳ ነው የምትነሳው፣ ታክሲ ውስጥ ግማሹ ሰው ያስላል፣ ግማሹ አፍንጫውን ይጠርጋል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ ብርዷ ይሰማል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ከብርዱ ለመሸሽ ብለን የምናደርገው ነገር ነው።

ከሁሉም በፊት ከሰሉን ላንሳ። አምና ነሐሴ ላይ አራት ኪሎ አክስቴ ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ዝናቡ አላባራ አለ። በሩ ተዘጋ፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ ንፋስ እንዳይገባ የበሩ ስር ሳይቀር በጨርቅ ተወተፈ። ሁለተኛው ቡና ላይ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። የአክስቴ ልጅ ‹‹አቅለሸለሸኝ›› አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ጭልጥ አለች። አክስቴ ‹‹ባዶ ሆዳችሁን ጠጥታችሁ ነው›› ብላ ዳቦ ልታመጣ ተነሳች። ጥፋቱ ግን የማንደጃው ነበር። ተሸክመን ደጅ አወጣናት፣ አየር ስታገኝ ዓይኗን ገለጠች፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ብዙዎቻችን ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ ከሰል አይጎዳም ብለን እናስባለን። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ጭስም ሽታም የለውም፣ ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝና ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ፍም ያለበት ማንደጃ መኝታ ክፍል አይግባ፣ በቃ። ቡና ስታፈሉም በሩን ገርበብ አድርጉት።

ሁለተኛው አሞክሳሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ፋርማሲ ሄደን እንገዛለን፣ ወይ አምና ተርፎ መሳቢያ ውስጥ የቀረውን አራት ፍሬ ፈልገን እንውጣለን። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። በሳምንት በአስር ቀን ራሱ ይለቃል። እረፍት፣ ትኩስ ነገር፣ ዝንጅብል በማር ይበቃዋል (ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም)። ፓራሲታሞል ስትወስዱ ደግሞ የጉንፋን ተብሎ የሚሸጠው ክኒን ውስጥም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል እንዳለ አስታውሱ፣ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ጉበት ይጎዳል። ለትልቅ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አደራ። ልጃችሁ ሳል ሳይኖረው ጉሮሮውን በጣም ካመመውና ካተኮሰው፣ ‹‹ቶንሲል ነው፣ ይለቀዋል›› ብላችሁ አትለፉት፣ እንጥል ማስቆረጥም አይታሰብ። ሐኪም ይየው። አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም ከባክቴሪያ የሚመጣ ነው፣ ሳይታከም ሲቀር የልጁን ልብ ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ሕመም አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፣ የታዘዘውም እስከ መጨረሻው ይወሰድ።

ታክሲ ውስጥ ‹‹ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው›› የምንለውስ? ከሜክሲኮ አራት ኪሎ እስክንደርስ አንዱ ያስነጠሰውን ሁላችንም እየተነፈስነው እንሄዳለን። ኢንፍሉዌንዛም ሆነ ቲቢ የሚወደው የታፈነ አየር ነው። ህዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠል የተለመደው እኮ በ1911 ዓ.ም. ይህችን ከተማ የፈጀው የህዳር በሽታ ትዝታ ሆኖ ነው፣ እሱም ኢንፍሉዌንዛ ነበር። መስኮቱ ሁለት ጣት ያህል ይከፈት፣ አንገታችሁን በሻርፕ ሸፍኑ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየን ሳል ‹‹የክረምት ሳል ነው›› ብላችሁ አትተዉት። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አክታ ተመርመሩ፣ የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው የሚሰጠው።

ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። እናቴ ግንቦት ላይ ተለክታ ‹‹ደህና ነው›› ስለተባለች ክኒኑን ተወችው። ደህና የሆነው በክኒኑ ነበር። ብርድ ሲሆን የደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ሐምሌ ላይ ስትለካ የላይኛው ቁጥር 180 ገብቶ አገኘነው። ለጉልበቷ ብርድ ብላ ደግሞ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ስትውጥ ከርማለች። ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊትና ጨጓራ ይጎዳሉ። አፍንጫ ከሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ግፊት የሚጨምሩ አሉ። ፋርማሲ ስትገቡ መጀመሪያ ‹‹ግፊት አለብኝ›› በሉ።

‹‹ሳይነሴ ተነሳ›› የምትሉ፣ አፍንጫ የሚከፍተውን ጠብታ ከአምስት ቀን በላይ አትጠቀሙ፣ መልሶ የባሰ ይደፍናል። አስም ያለባችሁም ‹‹ሱስ ያስይዛል›› የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ፓፉን (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) እቤት ጥላችሁ አትውጡ፣ ሱስ አያስይዝም።

የመጨረሻው የውሃ ነገር ነው። ክረምት ላይ ጎርፍና ፍሳሽ ከቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ተቅማጥ ይበዛል። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ መንተክተክ እንደጀመረ አታውርዱት፣ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ተቅማጥ ለያዘው ሰው ኦአርኤስ ስትበጠብጡም ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን እዩ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ነው። በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ለልጅ መስጠት ጨውን ያበዛበታል።