የግቢ ውሻ አእምሮውን እያሠራ እንዲመገብ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

በድሬዳዋ የአብዛኛው የግቢ ውሻ ውሎ ተመሳሳይ ነው፤ ቀን ታስሮ ጥላ ሥር ይጋደማል፣ ማታ ተፈትቶ ግቢ ይጠብቃል፣ በመካከሉ ሳህኑ ላይ የተደፋለትን ምግብ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ውጦ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ምግብ ድረስ አእምሮውን የሚይዝለት ነገር የለም። የአትክልት መደብ የሚቆፍር፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ነጠላ ጫማ የሚያኝክ፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚጮህ ውሻ ብዙውን ጊዜ ክፋት ኖሮት ሳይሆን ሥራ አጥቶ ነው። ያንኑ የዕለት ምግቡን አሽትቶ፣ ፈልቅቆና አንከባሎ እንዲያገኘው ማድረግ ከዚህ ሥራ ፈትነት የሚያወጣው ርካሽ መንገድ ሲሆን፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃም በአብዛኛው በየቤቱ ተጥሎ የሚገኝ ነው።

እንስሳት ለምግብ መድከምን ሁልጊዜ አይጠሉም። ግሌን ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት፣ አይጦች ምግብ በነጻ ቀርቦላቸው እያለ ዘንግ እየተጫኑ ማግኘትን ሲመርጡ ታይቷል። ውሾች በዚህ ረገድ እንደየጠባያቸው ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ ጨዋታው ይሮጣል፣ ሌላው የቀለለውን ሳህን ያስቀድማል። በአፍንጫ ፈልጎ ማግኘት ግን የሁሉም ተፈጥሮ በመሆኑ፣ ሰነፍ የሚመስለው ውሻ እንኳ ከቀላሉ ከተጀመረለት ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

ለዚሁ ተብለው የሚሠሩ መጫወቻዎችም አሉ። ከሁሉም የሚታወቀው ኮንግ የተባለው ውስጡ ክፍት የሆነ ጎማ ሲሆን፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጆ ማርክሃም የተባለ አሜሪካዊ የቮልስዋገን መኪናውን ሲጠግን የወረወረውን የጎማ አካል፣ ድንጋይ የማኘክ ልማድ የነበረው ውሻው ስለወደደው ነው። ይህን ያነበበ ሰው ከጋራዥ ደጃፍ የመኪና ጎማ ቁራጭ አንሥቶ ለውሻው ባይሰጥ እመርጣለሁ፤ የጎማው ጠርዝ ውስጥ የብረት ሽቦ አለ፣ ዘይትና ነዳጅም ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። መጫወቻውን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚያመጣልዎ ሰው ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም የሚጎድልብዎት ነገር የለም።

ደረጃ 1፦ ምግቡን መምረጥና መለካት

ከጠቅላላው ሥራ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ይህ ነው። ውሻው በጨዋታ የሚያገኘው ምግብ ከዕለት ድርሻው ላይ ተቀንሶ የሚሰጥ እንጂ በላዩ የሚጨመር መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ ታስሮ የሚውለው ውሻ በጥቂት ወራት ውስጥ ይወፍራል። ለመጀመሪያው ሰሞን ከዕለት ምግቡ ሲሶውን ለጨዋታው ለይተው ማስቀመጥ ይበቃል። እንደ ሥጋና ለውዝ ያሉት ማባበያዎች ደግሞ ውሻው በቀን ከምግቡ ከሚያገኘው ጉልበት (ካሎሪ) ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጡ የእንስሳት ሐኪሞች ይመክራሉ።

በእኛ ቤት ለውሻ የሚሰጠው በአብዛኛው ወጥ የነካው እንጀራ ነው፤ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል። የወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ መቀቀላቸውም ጉዳቱን አያስቀረውም፤ ድካሙና የሽንቱ መጥቆር ከቀናት በኋላ ስለሚታይ ባለቤቱ ከምግቡ ጋር አያያይዘውም። ስለዚህ ለጨዋታ የሚሆነው ወጥ ያልነካው ደረቅ እንጀራ ነው። የተረፈውን እንጀራ በሰፌድ ላይ አሰጥተው፣ የድሬዳዋ ፀሐይ በአንድ ቀን የሚያደርቀውን ድርቆሽ በጥፍር ልክ ቆራርሰው ካስቀመጡት፣ ከፋብሪካ የወጣ ደረቅ የውሻ ምግብ የሚሰጠውን አገልግሎት ይሰጣል፤ ይንከባለላል፣ አይጣበቅም፣ ሲወድቅም ድምፅ አለው። ድርቆሽ ብቻውን ግን ውሻን አይመግብም፤ ዋናው ምግቡ ሥጋ ወይም እንቁላል ሊኖረው ይገባል። የሻገተ ቁራጭ ከተገኘ ደግሞ ከነጓደኞቹ ይጣላል።

ሉካንዳ ቤት በርካሽ የሚገኘው ሳንባ ተቀቅሎ በቀጭኑ ተከትፎ ከድርቆሹ ጋር ሲቀላቀል ሽታው ውሻውን ይጎትተዋል። የበሬ፣ የፍየልም ሆነ የግመል ይሁን፣ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው። በእነዚህ አካላት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚፈጥረው የኮሶ ትል ዘር ወደ ውሻው አንጀት ይገባና፣ ከውሻው በሚወጣው የትሉ እንቁላል አማካይነት ወደ ቤተሰቡ በተለይም ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። በደንብ መቀቀል ይህን ያስቀራል።

ለማጣበቂያነት ደግሞ ከባቢሌ ለውዝ የተሻለ ነገር አላውቅም። ያለ ጨው ተቆልቶ፣ ቅርፊቱ ተገፎ፣ ሊጥ እስኪመስል ድረስ ሲወቀጥ የለውዝ ቅቤ ይሆናል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ጨዋታ ይበቃል። የሻገተ ወይም የጠቆረ ፍሬ ይለቀም፤ በሻገተ ለውዝ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የውሻን ጉበት ክፉኛ ይጎዳል። የታሸገ የለውዝ ቅቤ የሚገዛ ሰው ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ እንዳልገባበት ያንብብ፤ ለውሻ መርዝ ነው። ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ ወይንና የተቀቀለ አጥንትም ከጨዋታው ውጪ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ያለ መጫወቻ መጀመር

ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ውሻው ርቦት ነገር ግን ሳይነጫነጭ ይጀምሩ። ሰሌን ወይም የታጠበ ጆንያ ዘርግተው ጥቂት ድርቆሽ እያየ ይበትኑለት። በባዶ መሬት ላይ መበተን አይመከርም፤ የግቢያችን አፈር አሸዋ የበዛበት በመሆኑ ውሻው ከምግቡ ጋር አሸዋ እየዋጠ አንጀቱ ሊታፈን ይችላል። ያለ ችግር ለቅሞ መጨረስ ሲለምድ፣ በተራው ምግቡን በአሮጌ ፎጣ እጥፋት ውስጥ ይሸጉጡት፤ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ አጥፈው፣ ቀጥሎ እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው፣ በመጨረሻም ጥቅሉን ላላ አድርገው ቋጥረው ይስጡት።

ቀን ቀን ታስሮ ለሚውል ውሻ ከሁሉም የሚስማማው ይኸው የፎጣ ጨዋታ ነው። የሚንከባለል ነገር ከሰንሰለቱ ርቀት ካለፈ ውሻው እያየው ሊደርስበት ስለማይችል፣ ከመዝናናት ይልቅ እልህ ውስጥ ይገባል፤ አንገቱንም ይጎዳል። ከተቻለ ግን በጨዋታው ሰዓት መፍታቱ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ የሃይላንድ ፕላስቲክ መጫወቻ መሥራት

የሚያስፈልጉት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ ምስማር፣ ስለታም ቢላዋና ክብሪት ናቸው። ለትንሽ ውሻ የግማሽ ሊትሩ፣ ለትልቅ ውሻ የሁለት ሊትሩ ይሻላል፤ ዋናው ነገር ሙሉ በሙሉ አፉ ውስጥ የማይገባ መሆኑ ነው። ክዳኑን፣ ከአንገቱ ላይ የቀረውን የፕላስቲክ ቀለበትና በላዩ የተለጠፈውን ወረቀት አንሥተው ይጣሉ፤ ውሻ ቶሎ ነክሶ የሚውጣቸው እነዚህ ናቸው። ፕላስቲኩን በሳሙና አጥበው ያድርቁት፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ድርቆሹ ይለጠፍበታል።

ቀጥሎ ምስማሩን በእሳት አግለው በጎኑ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ይብሱና በቢላዋ ያስፉት። የቀዳዳው ስፋት ከትልቁ የምግብ ቁራጭ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚህ ከጠበበ ምንም አይወጣም፣ ከሰፋ ደግሞ በአንድ ግፊት ሁሉም ይዘረገፋል። የቀዳዳውን ጠርዝ የክብሪት ነበልባል ለአፍታ ብቻ ሲያስነኩት ስለቱ ይለዝባል፤ ጣትዎን አዙረውበት ምንም የማይቧጭር ከሆነ ለምላስም አይከፋም። ይህን ክፍት ቦታ ላይ ያድርጉት፤ የፕላስቲክ ጭስ አይታጠንም።

እፍኝ ድርቆሽ ጨምረው ያለ ክዳኑ ወለሉ ላይ ያስቀምጡትና በእግርዎ ትንሽ ገፋ ያድርጉት። አንድ ቁራጭ ሲወድቅ ውሻው ይበላዋል፤ ቀጥሎ ፕላስቲኩን ራሱ ይገፋዋል። የሚፈራ ውሻ ከሆነ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያሰማው ድምፅ ሊያስደነግጠው ስለሚችል መጀመሪያ ሰሌን ላይ ያስለምዱት። አሳይቶ መሄድ እንጂ በእጅ ይዞ አፍንጫው ላይ መጫን አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ የጨዋታውን ክብደት እንደ ውሻው ማስተካከል

ውሻው ጨዋታውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ጨርሶ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ ሄዶ ውሃ ጠጥቶ ከተኛ ልኩን አግኝተዋል። በተቃራኒው ፕላስቲኩ ላይ የሚጮህ፣ ማሽተቱን ትቶ በጥርሱ ለመቅደድ የሚሞክር፣ ወይም እርስዎን እያየ የሚያለቃቅስ ከሆነ ከብዶታል ማለት ነው፤ ተቆጥተው ሳይሆን ቀዳዳውን አስፍተው ወይም ወደ ፎጣው ተመልሰው ያግዙት። ብዙ ባለቤቶች ውሻቸው ሲቸገር ማየት ስለሚያስቃቸው ቶሎ ቶሎ ያከብዱበታል፤ ውጤቱ ግን ሁለተኛ ወደ መጫወቻው የማይጠጋ ውሻ ማፍራት ነው።

በጣም ከቀለለው ደግሞ ቀዳዳ ከመቀነስ ይልቅ ዓይነቱን መለወጥ ይሻላል። የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ምግብ አድርጎ መክደን፣ ትንሽ ካርቶን በትልቅ ካርቶን ውስጥ ከትቶ በተጨማደደ ወረቀት መሙላት፣ ወይም በተደፉ ሦስት የፕላስቲክ ኩባያዎች አንደኛው ሥር ሥጋ ደብቆ በአፍንጫው እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል። ከካርቶኖቹ ላይ የብረት መርፌና ፕላስተር አስቀድሞ ይነቀል። ካርቶኑን መቀደዱ ጨዋታው ራሱ ነው፤ መዋጥ ከጀመረ ግን ይወሰድበት።

ደረጃ 5፦ በሙቀት ወራት በረዶ መጠቀም

በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ውስጥ ረፋድ ላይ ውሻን ማንከራተት አደጋ አለው፤ ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ በሙቀት ቶሎ ይመታል። በዚህ ወቅት የሚያሯሩጠውን ጨዋታ ለማለዳ ትተው፣ ለቀኑ ቀዝቃዛ ነገር ያዘጋጁለት። ሳንባው ወይም ሥጋው ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለበትን ውሃ አቀዝቅዘው፣ ጥቂት የሥጋ ቁራጭ ጨምረው በፕላስቲክ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በረዶውን ከሳህኑ አላቅቀው በጥላ ሥር ይስጡት። ውሻው እየላሰ እስኪያወጣው ድረስ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፣ ውሃም ያገኛል። በረዶውን በክራንቻው ለመፍለጥ የሚታገል ውሻ ካለ ጥርሱ እንዳይሰበር ሳስ ባለ ሳህን በቀጭኑ ማርጋት ወይም ጥቂት እስኪሟሟ ጠብቆ መስጠት ይገባል። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ የዋለውን ግን መልሶ ማርጋት አይገባም።

ደረጃ 6፦ ሰውንና ሌሎች እንስሳትን መጠበቅ

ሁለት ውሾች ባሉበት ግቢ ለእያንዳንዱ የየራሱ መጫወቻ በተለያየ ቦታ ይሰጠዋል፤ የማይጣሉ ውሾች እንኳ በምግብ ይጣላሉ። ሕፃናት ውሻው እየተጫወተ ሳለ እንዳይጠጉት፣ ከአፉም እንዳይነጥቁት ይነገራቸው። አዋቂም ቢሆን መጫወቻውን ለመውሰድ ሲፈልግ ጥቂት ራቅ ብሎ የሥጋ ቁራጭ ጥሎ ውሻው ወደዚያ ሲሄድ ያንሣ። ግቢው ውስጥ በርጫ (የጫት ቅሚያ) የሚያዝ ከሆነ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ገረባው (የጫቱ ትራፊ) ይጠረግ፤ ምግብ ፍለጋ ወለሉን የሚልስ ውሻ ቅጠሉንም ይበላል፣ ጫት ደግሞ የውሻን ልብ ያጣድፋል።

በጋራ ግቢ የሚኖር ሰው ሊያስብበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በአካባቢያችን በሚሠራበት የእስልምና ሕግ አረዳድ (የሻፊዒ መዝሀብ) የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከእነዚያም አንዱን በአፈር ይታጠባል። ስለዚህ የውሻውን ፎጣና ሳህን ከቤት ዕቃ ለይቶ፣ በራሱ ባልዲ ከጋራው ቧንቧ ርቆ ማጠብና ጨዋታው እንዳበቃ መሰብሰብ የጎረቤትን ቅሬታ አስቀድሞ ያስቀራል። በሐረር ደግሞ መሰብሰቡ ሌላም ምክንያት አለው፤ የሥጋ ሽታ ያለበት ፎጣ ደጅ ካደረ ጅብ ይጠራል።

የታጠበው ሁሉ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ፕላስቲኩ ግን ፀሐይ ላይ ሲከርም ስለሚሰባበር በየጊዜው እየታየ፣ ስንጥቅ ሲጀምር ይጣላል። ውሻው የፕላስቲክ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ፣ በተለይም ተደጋጋሚ ትውከት፣ ምግብ መጥላት፣ ዓይነ ምድር ማጣት ወይም የሆድ መነፋት ከታየበት፣ በዘይትም ሆነ በሌላ የቤት መድኃኒት ለማስወጣት ጊዜ ሳያጠፉ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት፤ ከዋጠው ነገር ተመሳሳይ ቁራጭ ካለም ለሐኪሙ ያሳዩ።