የፍሬን ዲስክ ስትገዙ በስም ሳይሆን በልክ ግዙ

ፍሬን ስትይዙ መሪው ሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይ የዲስኩ ጠርዝ በጥፍር ሚያዝ ከንፈር ካወጣ ሸራ (ዲስኩን እየጨመቀ ሚይዘውን) ብቻ ቀይሮ ማለፍ አይሰራም። ግን ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የኮሮላ ዲስክ ስጠኝ ብቻ ካላችሁ የሆነ ነገር ይሸጥላችኋል፣ ጥያቄው የቱ ኮሮላ ነው፣ ባለ 4 ብሎን አለ ባለ 5 አለ፣ ስፋቱም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ስለዚህ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ከተቻለ ደሞ አሮጌውን አስፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ የመሀሉን ቀዳዳ እና ብዙ ሰው ሚረሳውን የቆቡን (መሀል ላይ ከፍ ብሎ ሚወጣውን ክፍል) ከፍታ ለኩ፣ እሱ ከተለያየ ዲስኩ ካሊፐሩ (ሸራውን ይዞ ዲስኩን ሚጨምቀው) መሀል ላይ አይቀመጥም።

መካኒኩ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን ሚላግበት) ወስደን እናስተካክለው ካላችሁ መጀመሪያ ካሊብሮ (የውፍረት መለኪያ) ያስገባበት። አብዛኛው ዲስክ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ውፍረት በ2 ሚሊ ያህል ያነሰ ነው፣ ከዛ በታች ከሆነ ቶርኖ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ቀጭን ዲስክ ቶሎ ይግላል።

የፊቱ ኦርጅናሉ መሀሉ ክፍት ሆኖ አየር ሚያሳልፍ ከሆነ ድፍኑ ረከሰ ብላችሁ እንዳትወስዱ፣ በተለይ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ምትወርዱ ሰዎች። የተበሳሳው ዲስክስ? ያምራል እሺ፣ ለቤት መኪና ግን ምንም አይጨምርም፣ እንደውም ቀዳዳው ጋ መሰንጠቅ ይጀምራል። ጫፉና ቆቡ ዝገት መከላከያ የተቀባ ካገኛችሁ ግን ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱት።

ሁሌም ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ፣ ሸራውም አዲስ ይሁን። ከመገጠሙ በፊት ዲስኩ ላይ ያለው ዘይት በብሬክ ክሊነር ይጠረግ፣ ሞዞው (ዲስኩ ሚገጠምበት መሀለኛው ብረት) ላይ ያለው ዝገት ደሞ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፈግ፣ እዛ ጋ ትንሽ ቆሻሻ ከቀረ አዲሱም ዲስክ ያንቀጠቅጣል ከዛ ሰው "ፎርጅድ ሸጡልኝ" ይላል። የቸርኬውን ብሎን ጎሚስታው በአየር ብቻ እየመታ እንዳይዘጋው፣ በመስቀል አቅጣጫ እያፈራረቀ በእጅ ይጥበቅ።

ከዛ ሸራው ከዲስኩ ጋ እንዲላመድ ሰው በሌለበት መንገድ ከ50 ወደ 10 ፍጥነት ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ፍሬን ያዙ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ፣ በየመሀሉ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት። ትንሽ ሽታ ቢመጣ አትደንግጡ፣ አዲስ ሸራ ነው።