ሃርድ ዲስክ ከተቀየረ በኋላ የሚጮህ ፋንን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

አዲሱ ሃርድ ዲስክ ገብቷል፣ ኮምፒውተሩም ተነስቷል። ጥቂት ቆይቶ ግን ፋኑ እየባሰበት ይሄድና መጮህ ይጀምራል። ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው አዲሱን ዲስክ ወይም ፋኑን ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ደህና ናቸው። በተለይ አይማክ በሚባለው የአፕል ዴስክቶፕ ላይ የጎደለው የሙቀት መረጃ ነው። ኮምፒውተሩ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞቀ ማወቅ ካቃተው ለክፉው ያስባል፤ እንዳይቃጠል ብሎ ፋኑን በሙሉ ኃይሉ ያዞረዋል። መፍትሔውም መረጃውን መመለስ ነው። ፋኑን መንቀል የሚመክር ሰው ካለ አትስሙት።

1. መጀመሪያ ጩኸቱን ለዩ

የነፋስ ዓይነት ሹሹታ ከሆነ ፋኑ ነው። ፈጠን ያለ «ጠ-ጠ-ጠ» ከሰማችሁ ደግሞ ዲስኩን ስትቀይሩ የተነካካ ኬብል የፋኑን ክንፍ እየነካ ይሆናል። እጃችሁን በሳጥኑ ላይ ጫን ስታደርጉ የሚቀንስ ጉምጉምታ ንዝረት ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በ5,400ው ቦታ ከገባ ይህ ይጠበቃል። ብሎኖቹን እኩል አጥብቁ፤ ከዲስኩ ሥር የጎማ ማረፊያ ካለም ወደ ቦታው መልሱት።

2. ሙቀቱን አንብቡ

ዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ ሊኑክስ ላይ ስማርትሞንቱልስ፣ ማክ ላይ ማክስ ፋን ኮንትሮል የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። ዲስኩ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከሆነ ምንም አልሆነም። አብዛኞቹ የሚሽከረከሩ ዲስኮች እስከ 60፣ ኤስኤስዲዎች (የማይሽከረከሩት ዲስኮች) ደግሞ እስከ 70 ዲግሪ እንዲሠሩ ተደርገው ነው የሚመረቱት። የሴንሰሩ (የሙቀት መለኪያው) ቁጥር ጭራሽ ካልመጣ ወይም የማይመስል ነገር ካሳየ፣ አይማክ ላይ ጥፋቱ እዚያ ሊሆን ይችላል።

የፕሮሰሰሩንም ሙቀት እግረ መንገዳችሁን እዩት። አዲስ ዲስክ ላይ ሲስተም ሲጫን ኮምፒውተሩ ለሰዓታት ከጀርባ ይለፋል፤ ፋይሎችን ይመዘግባል፣ ማሻሻያ ያወርዳል። ፕሮሰሰሩ ሥራ በዝቶበት ከሆነ ፋኑ ልክ ነው፤ ታገሱት።

3. ከፍታችሁ እዩ

አጥፉት፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። ካቻቢቴውን ከማንሳታችሁ በፊት የሳጥኑን ብረት ንኩ፤ በሰውነታችን ያለ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ሊጎዳ ይችላል። ሳይሰካ የቀረች ቀጭን ኬብል ፈልጉ። አቧራውንም በዚያው ጥረጉ።

4. አይማክ ላላችሁ

በዚህ ጉዳይ በጣም የሚያስቸግረው አይማክ ነው፤ ችግሩም እንደ ዓመቱ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ይለያያል።

ከ2009 መጨረሻ በፊት የወጡት ላይ ሴንሰሩ ከዲስኩ ውጭ የሚለጠፍ ነው። ከአሮጌው ላይ ላጥ አድርጎ አዲሱ ላይ መለጠፍ ነው፣ አለቀ። በ2009 መጨረሻና በ2010 የወጡት ላይ ግን የሴንሰሩ ቀጭን ኬብል ራሱ ዲስኩ ውስጥ ትሰካለች፤ አሰካኳም እንደ አምራቹ ይለያያል። ለሲጌት የተሠራችው ለዌስተርን ዲጂታል አትሆንም። ስለዚህ ዲስክ ስትገዙ ከአሮጌው ጋር አንድ አምራች መምረጥ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። የ2011ዱ ይብሳል፤ የተለየ የሴንሰር ኬብል የለውም፣ መረጃው የሚመጣው በኃይል ገመዱ በኩል ነው። ተራ ዲስክ ሲገባበት መረጃው ይቋረጥና ጩኸቱ ይጀምራል።

ለእነዚህ ሁነኛው መፍትሔ የራሱ ሴንሰር ያለው መተኪያ ኬብል ነው፤ ሴንሰሩ ዲስኩ ላይ ይለጠፋል። በ2009 እና በ2010ሩ ላይ ሁለቱን የሴንሰር ሽቦዎች እርስ በርስ የሚያገናኙም አሉ። ፋኑ በእርግጥ ዝም ይላል፤ ነገር ግን ዲስኩ ቢግልም አይነሳም። ብዙም ለማይሞቅ ኤስኤስዲ ያስኬድ ይሆናል፣ ለሚሽከረከር ዲስክ ግን በጭራሽ አልመክረውም።

ሳይከፍቱ መገላገል ለሚፈልግ ማክስ ፋን ኮንትሮል አለ። የሃርድ ዲስኩን ፋን ምረጡ፣ በሴንሰር እንዲመራ አድርጉ፣ ከዝርዝሩም የዲስኩን የራሱን የሙቀት ንባብ ውሰዱ። መነሻው 35፣ ጣሪያው 50 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ማድረጉን አትርሱ። ፕሮግራሙ እስኪነሳ ድረስ፣ እንዲሁም ሲስተም እንደገና ሲጫን፣ ጩኸቱ ይመለሳል፤ አትደንግጡ።

5. ሌላ ዴስክቶፕ ከሆነ

ተራ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) አብዛኛውን ጊዜ ፋኑን የሚመራው በፕሮሰሰሩ ሙቀት እንጂ በዲስኩ አይደለም። ስለዚህ ጥፋቱን ፋኑ የተሰካበት ቦታ ላይ ፈልጉ። ዲስኩን ለማስገባት ነቅላችሁት ከነበረ ወደ ራሱ ሶኬት ተመልሷል? ባለ 4 ሽቦ ፋን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ፒደብልዩኤም (PWM)፣ ባለ 3 ሽቦው ደግሞ ዲሲ (DC) ተብሎ መመረጥ አለበት። ባለ 3 ሽቦው በፒደብልዩኤም ከተያዘ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል።

ከዚያ የፋኑን ፍጥነት ባዮስ ውስጥ በሙቀት አስተካክሉ፦ ፕሮሰሰሩ 40 ዲግሪ ሲሆን 30 በመቶ፣ 60 ሲሆን 50 በመቶ፣ 80 ሲደርስ 100 በመቶ። ከፍ ዝቅ የሚለው ድምፅ ከሙሉ ጩኸት በላይ ያበሳጫል። ባዮሱ የፋኑን ፍጥነት ለውጥ የሚያዘገይ ምርጫ ካለው ጥቂት ሰከንድ ስጡት።

6. ፈትኑት

ትልቅ ፋይል መገልበጥ አስጀምሩና ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጥሩን ተከታተሉ። የሚሽከረከረው ዲስክ ከ50 ዲግሪ በታች ረግቶ ከቀረ ሳጥኑን ግጠሙ። ከዚያ በላይ መውጣቱን ከቀጠለ የፋኑን ዝቅተኛ ፍጥነት ትንሽ ከፍ አድርጉና እንደገና ሞክሩ።