የድንበር ውዝግብን በማጥናት ረገድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ስለ ድንበር ውዝግብ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎችን ሳማክር፣ በየዓመቱ የማርማቸው ስህተቶች እምብዛም አይለያዩም።

በጣም ቀላል ከሚመስለው ልጀምር። አንድ ረቂቅ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1998 ተጀምሮ የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ውሳኔ እንደሰጠ ይተርክ ነበር፤ ዳኝነቱ ከጠቡ አራት ዓመት ቀደመ ማለት ነው! የመጀመሪያው ቁጥር ከውጭ መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ከአገር ውስጥ ጋዜጣ የተቀዳ ነበር። አንዱን የዘመን አቆጣጠር መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ይገባል፤ እኔም ከዚህ በታች የአውሮፓውያኑን እይዛለሁ።

ከዚህ የሚከብደው ድንበርን መወሰንንና ማካለልን አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። መወሰን መስመሩ የት እንደሚያልፍ በጽሑፍና በካርታ መበየን ሲሆን፣ ማካለል ያንኑ መስመር መሬት ላይ በችካል ማሳየት ነው። በ2000 የአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው ኮሚሽን ሚያዝያ 2002 ውሳኔውን ሲያሳውቅ፣ ባድመ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደምትውል በግልጽ ስላልጻፈ ሁለቱም መንግሥታት ረታን አሉ። ከተማዋ በኤርትራ በኩል መዋሏ ከተለየ በኋላም ችካል የሚተከልበት መንገድ ስላልተገኘ፣ ኮሚሽኑ በ2007 መስመሩን በወረቀት ላይ በመጋጠሚያ ነጥቦች (በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥሮች) ብቻ አስቀምጦ ሥራውን ዘጋ። «ጉዳዩ በ2002 እልባት አገኘ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ግማሹን ታሪክ ይሰርዛል።

«ወንዙ ድንበር ነው» ብሎ ማለፍም የተለመደ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲኬድ ጎጀብን የሚሻገር ሰው መስመሩ በዳሩ ይሁን በመሐሉ ወይስ በጥልቁ ቦታ ቢጠየቅ ለመመለስ ይቸገራል። ቦትስዋናና ናሚቢያም የተካሰሱት በዚሁ ነበር፤ የ1890ው የእንግሊዝና የጀርመን ውል ድንበሩ በቾቤ ወንዝ ዋና መውረጃ እንዲያልፍ ቢደነግግም፣ ወንዙ አንዲት ደሴት ዙሪያ ለሁለት ስለሚከፈል፣ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የሁለቱን ቅርንጫፎች ጥልቀት፣ ስፋትና የውሃ መጠን መዝኖ በ1999 ደሴቲቱ የቦትስዋና ናት አለ።

ሁሉንም በቅኝ ገዢዎች ማሳበብ ደግሞ ጥናት አይደለም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር በተበየነባቸው፣ ከጣሊያን ጋር በተደረጉት የ1900፣ የ1902 እና የ1908 ውሎች ላይ የአፄ ምኒልክ መንግሥት ተዋዋይ ነበር፤ በ1964 ካይሮ ላይ ነባሮቹን ድንበሮች ለማክበር የወሰኑትም የአፍሪካ መሪዎች ራሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ፣ ፍርድን የዲፕሎማሲ ማብቂያ ማድረግ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በዚያው በ2002 ካሜሩንና ናይጄሪያ የሚወዛገቡበትን የባካሲ ልሳነ ምድር ለካሜሩን ሲፈርድ ናይጄሪያ ወዲያው አልለቀቀችም። በተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በኮፊ አናን አሸማጋይነት የጋራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2006 አሜሪካ ውስጥ ግሪንትሪ በተባለ ስፍራ የተፈረመው ስምምነትም የጦሩን መውጫ ጊዜ ከመወሰን አልፎ፣ በስፍራው የሚኖሩ ናይጄሪያውያን ቤታቸውን ለቀው እንዲሄዱም ሆነ ዜግነታቸውን እንዲቀይሩ እንዳይገደዱ ካሜሩንን ግዴታ አስገባ። ርክክቡ የተጠናቀቀው በነሐሴ 2008 ነው። ለተማሪዎቼ ባድመንና ባካሲን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በፍርዱና በርክክቡ መካከል ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ጻፉ የምለው ለዚህ ነው።