ድሬዳዋ ላይ ዘፈን ለማስቀዳት ከስቱዲዮ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች

የስቱዲዮ ቀጠሮ የሚያዘው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። ክፍያው በሰዓት ከሆነ፣ ማይክ ፊት ስንኝ ሲቀያየር የሚያልፈው ጊዜም ይታሰባል።

መጀመሪያ ኪዩን (ዘፈኑ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ) ይወስኑ። ብዙ ድምፃዊ ቤቱ ተቀምጦ እያንጎራጎረ ይመርጥና፣ ማይክ ፊት ቆሞ ድምፁን ሲለቀው አዝማቹ ላይ ይታነቃል። ቆመው፣ በሙሉ ድምፅ፣ ከፍ የሚለውን ስንኝ 10 ጊዜ ይደጋግሙት። መሃል ላይ ጉሮሮዎን ከያዘዎት ኪዩን በግማሽ ወይም በአንድ ድምፅ ያውርዱት። ቅኝቱን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺ ሆዬ) እና መነሻ ድምፁን ግጥሙ ወረቀት አናት ላይ ይጻፉ። አቀናባሪውና ክራር ተጫዋቹ እዚያ ላይ ከተለያዩ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ቀጥሎ ቴምፖ (በደቂቃ በሚቆጠር ምት የሚለካው የዘፈኑ ፍጥነት)። ችክችካ (ባለ ስድስት ምቱ ስልት) ላይ የሚፈጠረው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፦ አንዱ ከስድስቱ ምት ሦስት ሦስቱን እንደ አንድ ቆጥሮ «120 ነው» ይላል፤ በሩብ ኖታ የሚቆጥረው ሶፍትዌር ግን ያንኑ ፍጥነት 180 ይለዋል። 120 ብለው ከሞሉት ዘፈኑ ይጎተታል። ቁጥሩን ብቻ አይላኩ፤ በክሊክ (ምቱን እኩል በሚቆጥር ድምፅ) የተዘፈነ ዲሞ፣ ማለትም የሙከራ ቅጂ፣ አብረው ይላኩ። እርስዎም ቢያንስ ለሳምንት በሄድፎን ክሊክ እየሰሙ ይለማመዱ።

ቅንብሩ ሌላ ቦታ ከተሠራ እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው፣ ሁሉም ከዘፈኑ መነሻ (ከዜሮ) ጀምሮ፣ በ24 ቢት ዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ ፋይል) ይውጣ። በ44.1 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ) የተሠራ ፋይል ሳይቀየር በ48 ኪሎኸርዝ ከተከፈተ 9 በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ ኪዩም ከግማሽ ድምፅ በላይ ይወጣል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይላክ።

የጊታር ክር ከ2 ቀን በፊት ይቀየር፤ አዲስ ክር እስኪለጠጥ ቅኝት አይዝም። ከሐረር የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ክራሩና ከበሮው ከደጋው አየር ወደ ድሬ ሙቀት ስለሚወርዱ ክሩ ይዛባል፣ ቆዳውም በደረቁ ሙቀት ይወጠራል። መሣሪያዎቹ ስቱዲዮው ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይረፉና ከዚያ ይቃኙ። ቬንትሌተርም ሆነ ኤሲ ሲቀዳ ስለሚጠፋ ክፍሉ አስቀድሞ ይቀዝቅዝ፤ በየመሃሉም ቅኝቱን ይፈትሹ።

ጫት የዚያን ቀን ይቅር (ድሬ ላይ ከባድ ምክር መሆኑ ይታወቃል)። አፍ ያደርቃል፣ የደረቀ አፍ ጠቅ ጠቅታ ደግሞ ማይክ አይምረውም። ያልቀዘቀዘ ውኃ ይያዙ።

ገንዘብ ሳይከፍሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ይቆጠራል ወይ? ኮምፒውተሩስ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) አለው? በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀዳ የ4 ደቂቃ አንድ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ትራክ 35 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ 32 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፤ ባዶ መሆኑን ቤት አይተው ይምጡ።