አሜሪካ ውስጥ ዳኛው «ጉዳዩ አልፎበታል» ብሎ መዝገብ ሲዘጋ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

የዜግነት ማመልከቻችሁ ምላሽ ሳያገኝ ከዓመት በላይ ተኛ እንበል። ጠበቃ ያዛችሁና «ይወሰንልኝ» ብላችሁ ኢሚግሬሽንን ከሰሳችሁ። ክሱ ሲደርሳቸው ማመልከቻው ድንገት ውሳኔ አገኘ፣ ዳኛውም «ጉዳዩ አልፎበታል»፣ ማለትም ከእንግዲህ የምወስነው ነገር የለም፣ ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

የመጀመሪያው ስህተት «ተሸነፍኩ» ማለት ነው። ማንም አልተሸነፈም። የፌዴራል ፍርድ ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 መሠረት የሚዳኘው ያላበቃ ክርክር ብቻ ነው፤ እናንተ ደግሞ የጠየቃችሁት «ወስኑልኝ» ብቻ ነበር፣ ወሰኑ፣ አለቀ። መልሱ እምቢ ቢሆን እንኳ ያው ነው፤ እምቢታውን መቃወም ሌላ መንገድ አለው።

ሁለተኛው፣ ክስ ስትመሠርቱ ሕያው የነበረ ጉዳይ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል ብሎ ማሰብ ነው። ማርኮ ዴፉኒስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት አልቀበልም ሲለው ከሰሰ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝም ገብቶ መማር ጀመረ። ጉዳዩ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወሰን ልጁ ሊጨርስ ነው፤ ቢረታም ባይረታም ይመረቃል። 5 ለ4 ሆነው ሳይፈርዱ ተዉት።

ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፣ ለእኔ ዋናውም ይሄ ነው። መንግሥት «ትቼዋለሁ» ስላለ ብቻ ክሱ ይሞታል ብላችሁ እጅ አትስጡ። ዮናስ ፍቅሬ የሚባል አሜሪካዊ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ የተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። በክሱ እንዳለው፣ ሱዳን እያለ የኤፍቢአይ ሰዎች ጆሮ ጠቢ ከሆንክልን ስምህን እናስወጣለን ብለውታል። ከሰሰ፤ በ2016 ስሙን ሰረዙና «አሁን በእጃችን ባለው መረጃ መልሰን አናስገባህም» አሉ። «አሁን ባለው መረጃ» የምትለዋን አያችኋት? ነገ አዲስ መረጃ አለን ቢሉስ? ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 በሙሉ ድምፅ ይህ አይበቃም፣ እንደማይደገም ማሳየት የመንግሥት ዕዳ ነው አለ። ዮናስ ግን ገና አልረታም፣ ክሱ ቀጠለ እንጂ።

የመጨረሻው ኪስ ይነካል፦ የጠበቃ ክፍያ። ቨርጂኒያ ውስጥ የፍርድ ቤት ዕዳ ባለመክፈላቸው መንጃ ፈቃድ የታገደባቸው ሰዎች እገዳውን ለጊዜው የሚያስቆም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አገኙ፣ ከዚያ ሕጉ ራሱ ተሻረና ክሱ ቀረ። በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸናፊ አይባሉም፣ የጠበቃ ወጪም አይተካላቸውም አለ። ስለዚህ ላለፈው በደል ካሳ መጠየቅ ከቻላችሁ መጀመሪያውኑ ክሱ ውስጥ አስገቡት፤ የተከሰሰ ኮሌጅ ደንቡን ቢቀይርም ለስሙ ያህል በካሳነት የተጠየቀ 1 ዶላር ክሱን እንደሚያቆየው በ2021 በአንድ የጆርጂያ ተማሪ ጉዳይ 8 ለ1 ተወስኗል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ላይ ካሳ መጠየቅ ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱን ከጠበቃችሁ ጋር ተማከሩበት።